«አርጅቷል፣ ቀይረው» የተባለው ኮምፒውተር አላረጀም

ይሄ ጽሑፍ ረጅም ነው። አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት ዕቁብ የገባችሁ ሰዎች ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ምናልባት ዕቁቡ ለሌላ ነገር ይተርፋችሁ ይሆናል።

ኢንቦክሴ ውስጥ ተመላልሶ የሚመጣ አንድ ዓይነት መልእክት አለ። የሚልኩት ድሮ ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው። አንዱ ፎቶ ቤት ከፍቷል፣ አንዷ ግራፊክስ ትሠራለች፣ ሌላው የሠርግ ቪዲዮ ያቀናብራል። «ቲቸር፣ አይማኬ እስኪከፈት አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ጥገና ቤት ብወስደው አርጅቷል ቀይረው አሉኝ፤ ምን ላድርግ?» ሞዴሉን ስጠይቅ የ2015 ነው፣ የ2017 ነው፣ አንዳንዴም የ2019 ነው። ባለ አራት ኮር ፕሮሰሰር፣ 8 ወይም 16 ጊጋ ራም፣ ዛሬም ቢሆን የሚያስቀና ስክሪን። ታዲያ ምኑ ነው ያረጀው? ያረጀው ከኋላው የተቀመጠው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው። እሱም ቢሆን አረጀ ከማለት ገና ሲወለድ ቀርፋፋ ነበር ማለት ይሻላል። የአንዱን ዕቃ ጥፋት ለጠቅላላው ማሽን ሰጥቶ «ጣለው» ማለት ጥርሱን ያመመውን ሰው ራሱን ይቆረጥ እንደማለት ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ክዳኑ የማይከፈት ወይም ሲከፈት አደጋ ያለው ኮምፒውተር ካላችሁ፣ ውስጡ ሃርድ ዲስክ ከሆነ፣ ከውጭ በገመድ የሚሰካ ኤስኤስዲ ግዙና ኮምፒውተሩን ከእሱ አስነሱት። ወጪው ከአዲስ ማሽን ጋር ለንጽጽር አይቀርብም። ይሄን እያወቀ «አይሆንም» የሚል ነጋዴ ካለ ኪሳችሁን እያየ ነው። ሳያውቅ የሚልም አለ፤ ለእሱ ነው ከዚህ በታች ሒሳቡን የማስቀምጠው።

(ባለፈው አጠር አድርጌ ስጽፈው አንድ ሰው «በዲፕሎማ ሃርድዌር ልታስተምረን ነው?» ብሎ ኮመንት አድርጎ ነበር። ዲስኩ ማስረጃ አይጠይቅም ወንድሜ። ለዶክተሩም ለዲፕሎማውም በደቂቃ እኩል 5400 ጊዜ ነው የሚሽከረከረው።)

እንግዲህ ሒሳቡ። በደቂቃ 5400 ዙር ማለት በሰከንድ 90 ዙር ነው። አንዱ ዙር 11 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይፈጃል። የሚፈለገው መረጃ ከንባብ ጭንቅላቱ ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር ይጠበቃል፤ 5 ተኩል ሚሊሰከንድ በሉት። ጭንቅላቱ ራሱ ወደ ትክክለኛው መስመር ለመሄድ ሌላ 12 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ሲደመር አንድ ቁራጭ መረጃ ለማንሳት ከ17 ሚሊሰከንድ በላይ ሄደ። በሰከንድ ወደ 60 ቁራጭ ማለት ነው፣ በቃ። አሁን ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከዲስኩ ላይ እዚህም እዚያም የተበታተኑ 6000 ትናንሽ ነገሮች ጠየቀ እንበል። 6000 ለ60 ሲካፈል 100 ሰከንድ። ይሄ ገና መነሳቱ ነው፤ ብራውዘሩም ፎቶሾፑም ተራቸውን እየጠበቁ ነው።

መዝገብ ቤት ያለውን ሠራተኛ አስቡት። ሰውየው ጎበዝ ነው፣ ግን ለእያንዳንዷ ፋይል ከወንበሩ ተነስቶ፣ መደርደሪያው ጋ ሄዶ፣ ፈልጎ፣ ተመልሶ ይመጣል። አንድ ወፍራም ፋይል ብቻ ብትጠይቁት ቶሎ ያመጣላችኋል። 6000 ቁራጭ ወረቀት ከ6000 ቦታ ስትጠይቁት ግን ቀኑ ይመሻል። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚሽከረከርም የሚንቀሳቀስም ነገር የለም፤ አንዱን ቁራጭ ከአንድ ሚሊሰከንድ በታች በሆነ ጊዜ ነው የሚያነሳው። በዩኤስቢ ገመድ በኩል እንኳ ሆኖ በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ቁራጭ ያቀብላል። ለውጡ በፐርሰንት የሚወራ አይደለም።

አይማኩን ደጋግሜ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። አፕል ባለ 21.5 ኢንቹን አይማክ ያንን ስክሪን አልብሶ፣ ከኋላው በደቂቃ 5400 የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከትቶ እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ድረስ ሸጧል። በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ ነው ኤስኤስዲን መደበኛ ያደረገው። «ፊውዥን ድራይቭ» የተባለውም ቢሆን፣ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በባለ 1 ቴራው ላይ ያለው የፍላሽ ክፍል መጀመሪያ 24፣ በኋላ 32 ጊጋ ብቻ ነበር። ይባስ ብሎ በ2018 የወጣው ማክኦኤስ ሞሃቪ ሃርድ ዲስኮችንም ሳይቀር ወደ ኤፒኤፍኤስ ቀየራቸው። ኤፒኤፍኤስ ለኤስኤስዲ የታሰበ የፋይል አደረጃጀት ነው። መረጃን ሲጽፍ እየበታተነ ስለሚሄድ የሚሽከረከር ዲስክ ላይ ያ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ መመላለሱ ይብስበታል። ስለዚህ «አፕዴት ካደረግሁት በኋላ ሞተ» የምትሉት ቅዠት አይደለም። ማሽኑ ግን አልሞተም።

ታዲያ ለምን አይከፈትና ውስጡ አይቀየርም? ከ2012 መጨረሻ ወዲህ ያሉት አይማኮች ስክሪናቸው ከአካላቸው ጋር በማጣበቂያ ነው የተያያዘው። ለመክፈት ማጣበቂያውን ዙሪያውን መቁረጥ፣ ስክሪኑን ከነገመዶቹ በጥንቃቄ ማንሳት፣ ሲመለስ ደግሞ አዲስ ማጣበቂያ መለጠፍ ያስፈልጋል። እጁ የለመደ ሰው ይሠራዋል። እጁ ያልለመደ ሰው ስክሪኑን ከሰነጠቀው ግን የመተኪያው ዋጋ ከማሽኑ ሊበልጥ ይችላል። ከኋላ ግን የዩኤስቢ 3 መሰኪያ ተደርድሮ ተቀምጧል። በር እያለ በመስኮት ምን አስገባን?

«ከዩኤስቢ የተነሳ ኮምፒውተር ቀርፋፋ ነው» የሚል አባባል አለ። ይሄ የመጣው ሰዎች በፍላሽ ስለሞከሩት ነው። ፍላሽና ኤስኤስዲ መልካቸው ይመሳሰል እንጂ አንድ አይደሉም። ፍላሹ ዶክመንትና ፊልም ለማመላለስ የተሠራ ነው፤ ሲስተም ተጭኖበት ቀኑን ሙሉ ትናንሽ ነገር ሲጻፍበት ይግላል፣ ይንተባተባል፣ ከዚያም ይሞታል። በፍላሽ ሞክሮ «አይሠራም» የሚል ሰው በባጃጅ ሲሚንቶ ጭኖ ትራንስፖርት የሚባል ነገር አይሠራም እንደሚል ሰው ነው።

ሁለተኛው ምንጭ መሰኪያው ነው። ዩኤስቢ 2 በሰከንድ 480 ሜጋቢት ነው የሚባለው። ቢትና ባይት ይለያሉ፤ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ነው ያልኳችሁ! ለ8 ስታካፍሉት 60 ሜጋባይት ይሆናል፣ በተግባር ግን 30 እና 40 ላይ ይቆማል። በዚያ ላይ ምንም ዓይነት ውድ ኤስኤስዲ ብትሰኩ ትርፉ ትንሽ ነው። ዩኤስቢ 3 ግን 5 ጊጋቢት ነው፤ በተግባር በሰከንድ 400 ሜጋባይት እና ከዚያ በላይ ያደርሳል። ውስጥ ያለው ያ ሃርድ ዲስክ በጥሩ ቀኑ፣ አንድ ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲያነብ፣ 100 ሜጋባይት አካባቢ ነው የሚያመጣው። ማን ነው ቀርፋፋው? አይማክ ዩኤስቢ 3 ያገኘው ከ2012 መጨረሻው ሞዴል ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ያለ አይማክ ያላችሁ ይሄ ምክር አይመለከታችሁም፤ በእነዚያ ላይ መስታወቱ በማግኔት ስለሆነ የተያዘው ከፍቶ ውስጡን መቀየር ይሻላል።

አሁን ወደ ምርጫው። ሰው በብዛት የሚዘረፈው እዚህ ጋ ነው።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትግዙ። ሻጩ «ይሄ 2000 ነው፣ ያኛው 1000 ነው፣ ያ ደግሞ 540 ነው» ብሎ በዋጋ ይደረድርላችኋል። መሰኪያችሁ ባለ 5 ጊጋቢት ከሆነ ሦስቱም እዚያ ላይ ከ400 ትንሽ ዘለል ብለው ይቆማሉ። ለ540ው ከፍላችሁ የምታገኙትን ነው ለ2000ውም ከፍላችሁ የምታገኙት። ከኋላ ታንደርቦልት 3 ያለው የ2017 እና የ2019 አይማክ ከሆነ በዚያው መሰኪያ በኩል 10 ጊጋቢት ስለሚያስኬድ ባለ 1000ው ትርጉም አለው። «2000» የሚለው ግን ባለ 20 ጊጋቢት የሚባል የዩኤስቢ ዓይነት ይፈልጋል፤ እነዚህ ማኮች ደግሞ እሱን አያውቁትም፣ ወደ 10 ዝቅ አድርገው ነው የሚያስኬዱት። እውነቱን ለመናገር ከ400 ወደ 1000 ያለውን ልዩነት ትልቅ ቪዲዮ ካልገለበጣችሁ በስተቀር ብዙም አትለዩትም፤ ከሃርድ ዲስክ ወደ 400ው ያለውን ግን ዓይኑን የጨፈነ ሰው እንኳ ይለየዋል። ስለዚህ ትርፉን ብር ፍጥነት ላይ አታውሉ። ከ250 ወደ 500 ጊጋ፣ ከተቻለም ወደ 1 ቴራ ከፍ በሉበት። ኤስኤስዲ ጢም ብሎ ሲሞላ እየተጎተተ ይሄዳል፤ ቢያንስ አንድ አምስተኛውን ባዶ ተዉለት።

ገመዱንም ተመልከቱ። ዲስኩ ጥሩ ሆኖ ገመዱ የስልክ ቻርጀር ገመድ ከሆነ ብዙ ጊዜ በዩኤስቢ 2 ፍጥነት ነው የሚሄደው። «ገዛሁት፣ ምንም ለውጥ የለውም» የሚሉኝን ሰዎች መጀመሪያ የምጠይቀው ገመዱን ነው።

አሁን ደሜ ወደሚፈላበት ልምጣ። ቴሌግራም ላይ «ባለ 16 ቴራ ኤስኤስዲ» እያሉ የሚሸጧት የብረት ሳጥን አለች። ዋጋዋ ከእውነተኛ ባለ 500 ጊጋ ያነሰ ነው። ወገን፣ ከታወቁት አምራቾች 8 ቴራ የሚይዘው የኪስ ኤስኤስዲ እንኳ ዋጋው ከአዲስ ላፕቶፕ ጋር የሚወዳደር ነው! ሳጥኗ ስትከፈት ብዙ ጊዜ የሚገኘው በሙጫ የተለጠፈ የስልክ ሜሞሪ ካርድ ነው። ተቆጣጣሪ ቺፑ ለኮምፒውተሩ «16 ቴራ ነኝ» ብሎ እንዲዋሽ ተደርጎ ተሰናድቷል። እስከ እውነተኛው መጠኑ ድረስ በሥነ ሥርዓት ይሠራል። ከዚያ በላይ ስትጽፉበት በፊት የነበረውን ይደመስሳል፣ ወይም አዲሱን የተቀበለ አስመስሎ ይጥለዋል። ክፋቱ የፋይሎቹ ስም አይጠፋም። ፎልደሩ አለ፣ ስሙ አለ፣ መጠኑ አለ፣ ስትከፍቱት ግን ባዶ ነው። ያስተማርኩት አንድ ልጅ የሰው ሠርግ ቪዲዮ በዚህ መንገድ አጥቷል። ሙሽሮቹ የከፈሉትን ብር መለሰላቸው፤ ሠርጉን ግን ከየት አምጥቶ ይመልስላቸው? እሱ ቀርቶ ሻጩ እስካሁን ይሸጣል።

ይሄን መፈተሽ ነጻ ነው። ዊንዶውስ ላይ «ኤች2 ቴስት ደብልዩ»፣ ማክና ሊኑክስ ላይ «ኤፍ3» የሚባሉ ፕሮግራሞች አሉ። ዲስኩን እስከ አፉ ሞልተው መልሰው ያነቡታል፤ ውሸት ከሆነ ቁጥሩን ያወጡታል። ሰዓታት ይፈጃል፣ ይፍጅ። ምንም ሳትጭኑበት፣ የመመለሻ ቀኑ ሳያልፍ አድርጉት። «ቼክ ሳደርግ ካገኘሁበት እመልሳለሁ» ስትሉት ፊቱ የሚቀየር ሻጭ ካያችሁ ደግሞ ሰዓታቱንም አተረፋችሁ።

በሌላ በኩል ደግሞ «ኤስኤስዲ በውጭ» የሚለውን ነገር ለሁሉ በሽታ የሚሰጥ መድኃኒት ያደረጉት የቲክቶክ አዋቂዎች አሉ። ከእነሱም ጋር አልስማማም። ላፕቶፓችሁ ከሥሩ ጥቂት ብሎኖች ተፈትተው የሚከፈትና ባለ 2.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ ያለው ከሆነ ከውጭ ምን አንጠለጠላችሁ? ውስጥ ያለው ይውጣና ኤስኤስዲ ይግባ፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ላፕቶፕ ከቦርሳ ወደ ጠረጴዛ የሚመላለስ ዕቃ ነው፤ ሲስተሙ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚዞር ላፕቶፕ አንድ ቀን ገመዱ ተነቅሎ ሥራችሁን ይዞት ይሄዳል። ለትምህርት ቤት ላብም እንደዚሁ። ስንት ትምህርት ቤት መጋዘን ውስጥ «አገልግሎት የማይሰጡ» ተብለው የተደረደሩ ዴስክቶፖች አሉ! ክዳናቸው በአንድ ብሎን ነው የሚከፈተው። እነሱ ላይ ኤስኤስዲው ውስጥ ነው መግባት ያለበት፤ ውጭ የተሰካ ዲስክ ላብ ውስጥ ሁለት ሳምንት አይቆይም፣ በማን ኪስ እንደሄደ እንኳ አታውቁትም። ግን ለማስወገድ የሚሰበሰበው ኮሚቴ ከመፈረሙ በፊት አንዱን ከፍቶ ቢሞክር ምን ነበረበት?

ዊንዶውስ ላይም ተጠንቀቁ። የዊንዶውስ መጫኛ በዩኤስቢ የተሰካ ዲስክ ላይ አልጫንም ይላል። በፊት «ዊንዶውስ ቱ ጎ» የሚባል መንገድ ነበር፣ ማይክሮሶፍት በ2020 ከወጣው የዊንዶውስ 10 ቅጂ ጀምሮ አውጥቶታል። በ«ሩፈስ» አድርጎ ማስነሳት ይቻላል፤ ለሙከራ ደስ ይላል፣ ደሞዝ የሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ ግን አልመክርም። ሊኑክስ ያለ ምንም ክርክር ከውጭ ይነሳል። ኡቡንቱን ስትጭኑ ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ ሲስተሙን ውጭ ባለው ላይ አድርጎ የማስነሻ ፕሮግራሙን ውስጥ ባለው ዲስክ ላይ የማስቀመጥ አመል አለው። ከዚያ ውጪውን ስትነቅሉ ኮምፒውተሩ ግራ ይገባዋል። የሚቻል ከሆነ ጭነቱ እስኪያልቅ የውስጡን ዲስክ ገመድ ነቅላችሁ አቆዩት።

ከዱባይም ከአሜሪካም ዘመድ ያገለገለ ማክ የሚልክላችሁ ወይም እዚህ ያገለገለ የምትገዙ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ከ2018 እስከ 2020 የወጡት ብዙዎቹ ማኮች «ቲ2» የሚባል የደህንነት ቺፕ አላቸው። ቺፑ ከፋብሪካ ሲወጣ ከውጭ ዲስክ መነሳትን ከልክሎ ነው። ለመፍቀድ ኮማንድና አር ተጭኖ ሪከቨሪ ውስጥ መግባት፣ «ስታርትአፕ ሴኪዩሪቲ ዩቲሊቲ»ን መክፈት፣ እዚያ ላይ የባለቤቱን የይለፍ ቃል ማስገባት ያስፈልጋል። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ሪያድ ከሆነ ስልክ ትደውላላችሁ። የማይታወቅ ከሆነ ግን ሳትገዙ ተመለሱ። ብር ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ፈትኑት።

ኤም1 እና ከዚያ በኋላ የመጡት ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። ከውጭ ይነሳሉ፣ ግን መነሳቱ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከውስጠኛው ማከማቻ ነው። ስለዚህ «የውስጡ ቢበላሽ በውጪው አስነሳዋለሁ» ብላችሁ አትጽናኑ፤ የውስጡ ከሞተ ውጪውም አያድናችሁም። ደግሞም የእነዚህ የውስጥ ማከማቻ በዩኤስቢ ከምትሰኩት ይፈጥናል፤ ለፍጥነት ብሎ ከውጭ ማስነሳት ቀልድ ነው። ችግራቸው ጥበት ነው። በ2024 የወጣው ማክ ሚኒ ሲወጣ በ599 ዶላር 256 ጊጋ ነበር የሚሰጠው፤ 512 ለፈለገ ሰው 200 ዶላር ጨምር ይል ነበር። ለ256 ጊጋ 200 ዶላር! ይሄን አትክፈሉ። ሲስተሙን ውስጥ ተዉት፣ ቪዲዮውንና ፎቶውን ውጭ ኤስኤስዲ ላይ አውጡት። ሁሉንም ነገር ካላወጣሁ ማለት አያስፈልግም።

አይማክ ያላችሁ ወደ ሥራው ስትገቡ፦ ዲስክ ዩቲሊቲን ክፈቱ፤ «ቪው» ከሚለው ላይ «ሾው ኦል ዲቫይስስ» በሉ። ይሄን ካላደረጋችሁ የዲስኩን ራስ ሳይሆን ክፋዩን ብቻ ታጠፋላችሁና በኋላ መጫኛው እምቢ ይላችኋል። ራሱን ዲስኩን መርጣችሁ በኤፒኤፍኤስና በ«ጂዩአይዲ ፓርቲሽን ማፕ» አጥፉት። የማክኦኤሱን መጫኛ አስኪዱና ውጭ ያለውን ዲስክ ምረጡ። የድሮ ፋይላችሁን ሲጠይቃችሁ ከውስጠኛው እንዲያመጣ ፍቀዱለት። መጨረሻ ላይ ሴቲንግ ውስጥ «ስታርትአፕ ዲስክ» ገብታችሁ አዲሱን መምረጥ አትርሱ። አንድ ቀን በአሮጌው ቢነሳባችሁ ስታበሩት ኦፕሽንን ተጭናችሁ ያዙ፣ ሁለቱንም ያሳያችኋል።

ገመዱን ከስክሪኑ እግር ጋር እሰሩት፣ ዲስኩንም ከኋላ ለጥፉት። ስታጸዱ የምትነካኩት ቦታ ላይ አይሁን፤ እየሠራ ከተነቀለ ሲስተሙ ባለበት ይደርቃል። ዋይፋዩ ወይም ገመድ አልባው ማውስ ድንገት መንቀርፈፍ ከጀመረ ዲስኩን ራቅ አድርጉት፣ ዩኤስቢ 3 በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ይረብሻል። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆናችሁ ዩፒኤስ ይኑር፤ እሱ ለማንኛውም ዲስክ ነው።

ውስጥ የቀረውን ቀርፋፋ ሃርድ ዲስክስ? አትናቁት። ሁሉ ነገር መተላለፉን ካረጋገጣችሁ በኋላ አጥፉትና ለታይም ማሽን ስጡት። ባክአፕ ማንም ሰው ቁጭ ብሎ የማይጠብቀው ሥራ ነው፤ ያ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ለዚህ ለዚህማ ይበቃል። አምራቹ ያላሰበላችሁን ሁለተኛ ዲስክ በነጻ አገኛችሁ ማለት ነው።

ጠጋኝ የሆናችሁ ወዳጆቼ እንዳትቀየሙኝ። ሠርታችሁ የምትበሉበት ሥራ እዚህ ውስጥ አለ። ኤስኤስዲውን አምጥታችሁ፣ ፈትሻችሁ፣ ጭናችሁ፣ ፋይሉን አዘዋውራችሁ የድካማችሁን ተቀበሉ፤ ሰውየው መርቋችሁ ይሄዳል። «አርጅቷል» ብላችሁ ማሽኑን በርካሽ ተቀብላችሁ፣ በሳምንቱ ኤስኤስዲ ሰክታችሁ በውድ የምትሸጡት ግን፣ ምን እንደምትሠሩ እናውቃለን።

ጥያቄ ያለው ኮመንት ላይ ይጻፍ። የማሽኑን ሞዴል፣ ዓመቱን፣ ራሙን፣ ከኋላ ያሉትን መሰኪያዎች ዓይነት ጻፉልኝ፤ ማክ ከሆነ «አባውት ዚስ ማክ» የሚለውን ፎቶ አንሱት። «ቲቸር ኮምፒውተሬ ይንቀራፈፋል» ብቻ ብሎ ለሚጽፍ አልመልስም። የሰሞኑን ፈተና አርሜ ስጨርስ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ጀምሮ ተራ በተራ እመልሳለሁ።